የሰባት ደቂቃ ኢንጂነር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ኢንጂነሮችና ስለ ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ሥልጠና የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ይህን ያህል ተመረቁ፣ ይህን ያህል ሊመረቁ ነው ይባላል። እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ወርክሾፕ 19 ዓመት ሠርቼ ዘንድሮ ጡረታ የወጣሁ ቴክኒሺያን ነኝ። መምህሩ በሰሌዳ ያስተማረውን ተማሪው በእጁ የሚሞክረው እኔ ዘንድ ነበር። ተራ ከደረሰው ማለቴ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ገደማ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማሩ ሲባል ሥራ ላይ ነበርኩ። ሐሳቡን አልጠላሁትም። ፋብሪካ ይከፈታል ከተባለ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ያስፈልጋል። ችግሩ ተማሪው ሲበዛ ወርክሾፑ ባለበት ቀረ። ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን፣ ማለትም ቶርኖ፣ 6 ነበረን። (ልጆቹ “ሌዝ ማሽን” ይሉታል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ቶርኖ ስላሉኝ ለኔ እስከ ዛሬ ቶርኖ ነው።) ከ6ቱ የሚሠሩት 2 ናቸው። በአንድ ጊዜ 50 ተማሪ ይመጣል። የተሰጠን 3 ሰዓት ነው። ቢካፈል ለአንድ ልጅ 7 ደቂቃ ይደርሰዋል። መነጽር አድርጉ፣ እጅጌ ሰብስቡ፣ ፀጉር እሰሩ እያልን የምናጠፋው ሳይቀነስ ነው። በ7 ደቂቃ ብረቱን በወጉ አስሮ ማስተካከልም አይቻልም። ስለዚህ እኔ እቆርጣለሁ፣ እነሱ ከበው ያያሉ። ሪፖርቱን ሁሉም ይጽፋል። ሁሉም ያልፋል።

አንድ ቀን ሁሉም ሲወጣ አንዲት ልጅ ቀረችና “ጋሼ፣ እባክዎ አንዴ ልሞክር” አለችኝ። ፈቀድኩላት። አንዴ ጥልቅ አድርጋ ስታስገባው መቁረጫው ቷ ብሎ ተሰበረ። ክው አለች። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ሁለተኛ ብረት በኃይል አይነካም። ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በእጃችን የነበረው የመጨረሻው መቁረጫ እሱ ነበር። ምትኩ ተገዝቶ እስኪመጣ ሴሚስተሩ አለቀ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ። ጥሩ ነው፤ ሳያነብ የሚወጣውን ያስቀራል። ግን ኮምፒውተር ላይ መልስ መምረጥ ነው። ካሊብሮ (የብረት ውፍረት መለኪያ) ይዞ የማያውቅም ሊያልፈው ይችላል።

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች) ሥልጠናም በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ተጀምሯል። ታናሽ ልጄ በስልኳ ተከታትላ ሰርተፊኬት ወስዳለች። መጀመሪያ ቀልጄባት ነበር። ኋላ ማታ ማታ ስትታገል ሳያት አፈርኩ። ኮድ ሲበላሽባት አጥፍታ እንደገና ትጽፋለች። መቶ ጊዜ ብትሳሳት የሚከፈለው የኢንተርኔት ነው። የኔዎቹ ግን አንድ ጊዜ ለመሳሳት የግዢ ክፍል ፊርማ ያስፈልጋቸዋል። ለዚህም ይመስለኛል ሁሉም ወደ ኮምፒውተሩ የሚያዘነብለው። የውሃ ፓምፕ ዘንግ ሲሰበር ግን በስልክ አይጠገንም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የተመራቂ ቁጥር ሲነገር አንድ ተመራቂ ስንት ሰዓት በገዛ እጁ ማሽን እንዳንቀሳቀሰ አብሮ ይነገር። ጋዜጠኞቻችሁም ይህን ይጠይቁልን። ሜካኒካል ተማሪ ከመመረቁ በፊት ልኬት ያለው የዘንግ ንድፍ ይሰጠው፤ ዘንግ ቆርጦ፣ ለክቶ ያስረክብ። ወርክሾፕም ለትንንሽ ዕቃ የራሱ በጀት ይኑረው።

እኔ ስወጣ ቁጥር 3 ቶርኖ ቺንጋ (ከሞተሩ ኃይል የሚያስተላልፍ ቀበቶ) ብቻ ጎድሎት ቆሞ ነበር። ቺንጋው እንዲገዛ የጻፍነው ደብዳቤ 4 ጊዜ ተመላልሷል። ኮፒው እኔ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው የወርክሾፕ ቴክኒሺያን