እማዬ፣ መጀመሪያ ምዕራፍ 4ን ስሚ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «ዘ ሲክሬት ጋርደን» የሚባለውን የእንግሊዝኛ የልጆች ልብ ወለድ ከማነብ ልስማው ስላልሽኝ በሚሞሪ ካርድ ጭኜ፣ ሰው ሲገኝ እልክልሻለሁ። እስከዚያው ስለ አመራረጡና ስለ አከፋፈቱ ልጻፍልሽ። የዚህ መጽሐፍ የድምፅ ቅጂ እንደ አሸን የፈላ ስለሆነ በርዕሱ ብቻ ያገኙትን ማውረድ አያዋጣም።

የበዛበት ምክንያት የባለቤትነት መብቱ ስላበቃ ነው። ፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት መጽሐፉን ያሳተመችው በፈረንጆቹ 1911 ነው፤ ያረፈችው በ1924። ዛሬ በአሜሪካም በእንግሊዝም ማንም ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ አንብቦ ሊቀዳው፣ ሊያሳጥረው፣ ሊሸጠውም ይችላል። ስለዚህ ከጎበዝ ተዋናይ ንባብ ጀምሮ ኮምፒውተር እስካነበበው ድረስ ሁሉም በአንድ ስም ተደርድሮ ይገኛል። የአንባቢው ስም ያልተጻፈበትን እለፊው።

ቀጥሎ ርዝመቱን እዪ። መጽሐፉ 27 ምዕራፍ፣ ወደ 80 ሺህ ቃል ነው። ፈጠን የሚል አንባቢ 7 ሰዓት ተኩል፣ ረጋ የሚል 9 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት የሚል ካየሽ ተቆርጧል ማለት ነው። ያጠረው ቅጂ ዋናውን ታሪክ ይነግርሻል፤ ነገር ግን ለማሳጠር ቀድሞ የሚሠዋው የአትክልቱና የልጆቹ ቀስ በቀስ መለወጥ ነው፤ ለእኔ ደግሞ መጽሐፉ እሱ ነው። ለትንንሽ ልጆች ይሁን፤ ላንቺ ግን አልመርጠውም።

በድራማ መልክ የተሠራውንም ለመጀመሪያ ጊዜ አትስሚው። ብዙ ተዋናዮች፣ ሙዚቃ፣ የነፋስና የዝናብ ድምፅ አለው። ደስ ይላል፣ ግን ሙዚቃው ከንግግሩ ሥር ሲገባ ቃላቱ ይዋጣሉ። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚቀንሰው ቀጫጭን ድምፆችን፣ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉትን ስለሆነ ከጀርባ የሚንጫጫ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ትዝ ይልሽ የለ? አንድ ሰው ብቻውን ሁሉንም ሆኖ፣ ግን ማንንም ሳያጋንን። የምትፈልጊው እንደዚያ ያለውን ነው።

እንዲህ ያለውን አንባቢ ለመለየት ታዲያ ምዕራፍ 4ን ክፈቺ። ምዕራፍ 1 ሕንድ አገር ስለሚጀምርና አብዛኛው ትረካ ስለሆነ ማንም ሰው ደህና ያነበው ይመስላል። ምዕራፍ 4 ላይ ግን ሦስት የማይመሳሰሉ ሰዎች ይገናኛሉ፤ ምድጃውን እያጸዳች ሳታቋርጥ የምታወራው የቤት ሠራተኛ ማርታ፣ ከሕንድ የመጣችው፣ ልብሷን እንኳ ራሷ ለብሳ የማታውቀው ቀበጧ ሜሪ፣ ኋላም አትክልተኛው ሽማግሌ ቤን ዌዘርስታፍ። ማርታና ቤን የሚናገሩት በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር ገጠር ዘዬ ነው፤ ደራሲዋም ቃላቱን እየቆረጠች እንደሚነገሩት ጽፋቸዋለች። ዘዬውን የማያውቅ አንባቢ ሁለቱንም እንደ ለንደን ሰው ያደርጋቸዋል፤ ወይም እያንዳንዷን የተቆረጠች ቃል እንደ ፊደል ቆጣሪ ይለቅማታል። የኮምፒውተር ድምፅም የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ አንባቢ ከሆነ የማርታ ንግግር ሳይቆራረጥ ይፈስሳል፤ ሁሉም ቃል ባይገባሽም ሐሳቡ አያመልጥሽም።

ይህን ካለፈ ምዕራፍ 11ን ጨምሪ። የማርታ ወንድም ዲከን በኪሱ ቢላ ደረቅ ከሚመስል ቅርንጫፍ ላይ ቆረጥ አድርጎ ውስጡ አረንጓዴ መሆኑን ለሜሪ ያሳያታል። እዚያ ጋ ድምፁን ዝቅ፣ ንባቡን ቀስ የማያደርግ አንባቢ ሙሉውን መጽሐፍ አይመጥንም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመሽ እወቂው። እዚያው ምዕራፍ 4 ላይ ማርታ ከሕንድ የምትመጣዋ ልጅ ጥቁር ትሆናለች ብላ ጠብቃ እንደነበር ትናገራለች፤ ሜሪ ተቆጥታ የአገሬው ሰዎች ሰው ሳይሆኑ አገልጋይ ናቸው ትላለች። ሙሉው ቅጂ ውስጥ ይህ እንዳለ ነው። ከልጆቹ ጋር ስትሰሚ አቁሚውና አስረጃቸው፤ ሜሪ ያኔ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረች የሚታየውም በዚያ ስለሆነ ዝለይው አልልሽም።

በነፃ የሚገኘው ሊብሪቮክስ ከሚባለው ድረ ገጽ ነው። ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች መብታቸው ያበቃ መጻሕፍትን እያነበቡ ይለቁበታል። አንዳንዱ ቅጂ ምዕራፉን ለተለያዩ ሰዎች ያከፋፈለ ስለሆነ ሜሪ በየምዕራፉ ድምፅ ትቀይርብሻለች፤ አንድ አንባቢ ብቻ ያለውን ምረጪ። በየምዕራፉ መጀመሪያ የምትደጋገመዋን ማስታወቂያ ቻያት። መጠኑ 64 ኪሎቢት የሆነው በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ጠቅላላው 260 ገደማ። 128 የሚለው እጥፍ ነው፤ ለንግግር ብዙም ልዩነት ስለሌለው ዳታሽን አታባክኚ።

ፋይሎቹን ስም አትቀይሪባቸው። 01፣ 02 ተብለው የተሰየሙት እንዲሁ አይደለም፤ ዜሮዋ ከጠፋች ስልኩ ከ1 ቀጥሎ 10ን ያመጣል፤ ኋላ የሚመጣው ልጅ ኮሊን ገና ሳይገኝ ስለ እሱ ትሰሚያለሽ። የስልኩ ሙዚቃ ማጫወቻም ለዚህ አይሆንም፤ ሹፍል በርቶ ከሆነ ምዕራፎቹን ያደባልቃል፣ ሲዘጋም ያቆምሽበትን ቦታ ይረሳል። «ቮይስ» የሚባለውን ነፃ አፕ ጫኚና ፎልደሩን አሳዪው፤ ያቆምሽበትን ይይዝልሻል። መሐል ላይ በራሱ ከጠፋ አፑ አይደለም፤ ስልኩ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ዘግቶት ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ለቮይስ ብቻ የባትሪ ገደቡን አንሺለት።

ፍጥነቱን 0.9 ላይ አድርጊው፤ ዘዬው ሲበዛብሽ 0.8። ከዚያ ከወረደ ድምፁ ይጎተታል። ካልተሰማሽ ድምፅ ከመጨመርሽ በፊት ስልኩን ወደ ራስሽ አስጠጊው፤ የስልክ ስፒከር ከልክ በላይ ሲጮህ ይሰነጠቃል። ማታ ተኝተሽ ስትሰሚ በራሱ እንዲያቆም የአፑን የእንቅልፍ ሰዓት 20 ደቂቃ ላይ ሙዪው፤ አንድ ምዕራፍ በአማካይ ያን ያህል ስለሆነ እንቅልፍ ቢወስድሽም ጠዋት ወደ ኋላ የምትመልሺው ከአንድ ምዕራፍ አይበልጥም።

ካርዱ ላይ የሁለት አንባቢዎች ቅጂ በሁለት ፎልደር አድርጌልሻለሁ። ሁለቱንም ምዕራፍ 4 ላይ ሞክሪያቸውና የትኛው እንደተስማማሽ በቴሌግራም ድምፅ ላኪልኝ።

ልጅሽ