መሪን መተቸት ባህላችን አይደለም ያለው ማነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ ፕሬዚዳንቱን የሚወቅስ ጽሑፍ ካርቶን ላይ ጽፈው ይዘው ቆመው አየሁ። ፖሊሱ አጠገባቸው ቡናውን ይጠጣል፣ ዞር ብሎም አላያቸው። ማታ ይህንኑ ለእናቴ ደውዬ ሳወራት "ተው ልጄ፣ ስልክ ላይ ፖለቲካ አታውራ" ብላ ወሬውን ወደ ጤፍ ዋጋ ቀየረችው። በጣም ነው ያዘንኩት።

"መሪን መተቸት ባህላችን አይደለም" የሚሉ አሉ። አልስማማም። እርግጥ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ብለናል፤ ግን "እረኛ ምን አለ?" የሚለውም የእኛው ነው፣ አዝማሪውም በሰምና ወርቅ ጌታውን እዚያው ፊቱ ሸንቆጥ ያደርገው ነበር። ታዲያ ባህላችን የትኛው ነው?

ለእኔ ዋናው ሕጉና አተገባበሩ ነው። ታይላንድ ውስጥ ንጉሡን ሰደበ የተባለ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ከ3 እስከ 15 ዓመት ይታሰራል፣ ያውም ለእያንዳንዱ ክስ፤ ፌስቡክ ላይ በጻፉት ብቻ ብዙ ዓመት የተፈረደባቸው አሉ። አሜሪካ ውስጥ ግን ከ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ባለሥልጣን ስሜ ጠፋ ብሎ ከስሶ ማሸነፍ በጣም ከባድ ነው።

የእኛም ሕገ መንግሥት ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብትን የሚደነግግ አንቀጽ 29 አለው። እባካችሁ ሙሉውን አትሙልን፣ ለእናቴ አነብላታለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ