ፎርማት አርጉት ብላችሁ የጻፋችሁት ነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ ጅማ የሚደርሰን ዘግይቶ ነው፣ ያውም ከደረሰ፣ ስለዚህ መልሱ ቆየ ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ። የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ዊንዶውስ 10 ስለቆመ አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ ሰዎች ቶሎ ሸጣችሁ አዲስ ግዙ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ግን ፎርማት አርጉት ብላችሁ ጽፋችሁ ነበር። ሁለት ምክር ናት። በመጀመሪያዋ እኔና ጓደኞቼ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተጨቃጭቀንባታል። ሁለተኛዋን ግን ማንም ቁብ አልሰጣትም፣ እኔም ጭምር፣ ብዕር ያስነሳችኝ ግን እሷው ናት።

እኛ ማለት አጂፕ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና የምንጠጣ አምስት ሰዎች ነን። ስራው ኮምፒውተር የሆነው አንዱ ብቻ ነው፣ ኔትወርክ ይዘረጋል፣ ሌሎቻችን በፍቅር የገባንበት ነን፣ አንዱ ባንክ አንዱ አስተማሪ፣ እኔ መድሃኒት ቤት ነው የምሰራው። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ድረስ ስለ ራምና ስለ ፕሮሰሰር ስንጯጯህ የሰማ ሰው መሬት የምንካፈል ይመስለዋል።

የናንተን ጽሁፍ ያነበበልን አስተማሪው ነው። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ትክክል ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ አቁሟል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛ ጀነሬሽን (ከ8ኛው ትውልድ) በታች የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር አልቀበልም ይላል፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ነገርም ይፈልጋል። ግን ያልጻፋችሁት አለ። ለግለሰብ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚቆይ የደህንነት አፕዴት ማራዘሚያ አላቸው፣ ወይ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተህ ሴቲንግህን እነሱ ክላውድ ላይ ባካፕ ታደርጋለህ ወይ 30 ዶላር ትከፍላለህ። እዚህ ጋ የኔትወርኩ ልጅ ተነሳና ዶላሩን ከየት ታመጣለህ፣ አካውንቱንም ካደረግክ ሴቲንግህን አስረከብክ፣ ሁሉንም ትታችሁ ሊኑክስ ሚንት (ዊንዶውስን የሚተካ ነጻ ሲስተም ነው) ጫኑ አለ። የባንኩ ልጅ ሳቀበት። ፒችትሪ (በዊንዶውስ የሚሰራ የሂሳብ ፕሮግራም) ላይ የተቀመጠ የስንት ዓመት ሂሳብ ያለበትን ሰውዬ ሊኑክስ ጫን በለውና ምን እንደሚልህ እይ አለው። አስተማሪው ደግሞ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የ15 ዓመት ፈተና አለኝ፣ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚያውቀው የፊደል ኮድ) ስላልሆነ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ለማንም የማይገባ ነገር ነው የሚወጣው አለ። ይሄ የዊንዶውስ ጥፋት አይደለም፣ የሊኑክስም አይደለም፣ ግን ሰው አሮጌ ኮምፒውተሩን የሙጥኝ የሚለው ስስታም ሆኖ ብቻ እንዳልሆነ እወቁልን ለማለት ነው።

እኔ በበኩሌ አቋሜ አንድ ነው፣ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ዓይነት ዲስክ) አስገባበት። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ በሰከንድ መቶ ሜጋባይት ቢያነብ ነው፣ ያውም ተርታውን ሲያነብ፣ የተበታተነ ትናንሽ ፋይል ከሆነማ እዛው ይዞራል፣ ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ የሚያነበው አብዛኛው የተበታተነ ትናንሽ ፋይል ነው። ተራው ሳታ ኤስኤስዲ 500 ሜጋባይት ይደርሳል፣ ፍለጋ ብሎ የሚዞርበት ነገርም የለውም። የመድሃኒት ቤታችን ኮምፒውተር ሲከፈት ደንበኛ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር፣ ኤስኤስዲ ካስገባሁበት ወዲህ ሰላም ብለን ሳንጨርስ ይነሳል። ፕሮሰሰሩ ያው ነው፣ ራሙም ያው። እና አዲስ ግዙ ከማለታችሁ በፊት ይቺን አንድ መስመር ብትጽፏት ምን ነበረበት።

አዲስ ግዙ ስትሉስ ምኑን ነው የምንገዛው? እዚህ አዲስ የምንለው ከውጭ ያገለገለ ሆኖ የመጣ፣ ተወልውሎ ስቲከር የተለጠፈበት፣ ስላይትሊ ዩዝድ የሚሉትን ነው። የእህቴ ልጅ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ኢንጂነሪንግ ትማራለች፣ ላፕቶፕ ያስፈልጋታልና አብረን መርካቶ ሄድን (የኛን መርካቶ ነው የምላችሁ፣ የሄርማታውን)። ጊዜው የቡና ብር የሚገባበት ነበር፣ ከሊሙ ከአጋሮ የመጣ ሰው ሱቁን ሞልቶታል፣ እና በዛ ሰሞን ባለሱቅ ጥያቄ አይወድም። ልጁ አንድ ላፕቶፕ አወጣና ኮር አይ 7 ነው፣ 8 ጂቢ ነው፣ 1 ቴራ ነው፣ ዊንዶውስ 11 አለው አለን በአንድ ትንፋሽ። ስንተኛ ጀነሬሽን ነው ስለው አይ 7 እኮ ነው አለኝ ድጋሚ፣ ያልሰማሁ መስሎት። ልክፈተው ስለው ካልገዛችሁ ባትነካኩት አለኝ። እሷ ደግሞ አጎቴ ተው ሰው እያየን ነው ትለኛለች። እና እኔ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮፌሰር የምሆነው ሰውዬ፣ አፍሬ ዝም አልኩ። የራሴን አሮጌ ላፕቶፕ ልዋጭ ሰጥቼ ልዩነቱን ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ገብተን ዲኤክስዲያግ ብዬ (የኮምፒውተሩን ማንነት የሚያሳይ የዊንዶውስ ትእዛዝ ነው) ሳየው አይ 7-4600ዩ። 4ኛ ጀነሬሽን፣ በፈረንጆቹ 2013 የወጣ፣ ሁለት ኮር። ከሰረዟ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ነው ማየት፣ 4600 ከሆነ 4ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ ከ10ኛ ወዲህ ያሉት ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ታያለህ። አይ 5-8250ዩ አራት ኮር አለው፣ ማለትም አይ 5ቱ አይ 7ቱን ያስከነዳዋል፣ ስቲከሩ ላይ ግን 7 ከ5 ይበልጣል በቃ። ዊንዶውስ 11 አለው የተባለውም ማሽኑ ስለሚችለው አይደለም፣ ሲጫን ፍተሻው ተዘሎ ነው፣ ያን የሚያዘልሉ ፕሮግራሞች አሉ፣ በዚህ ዓይነት ለተጫነ ደግሞ ማይክሮሶፍት የአፕዴት ዋስትና አልሰጥም ብሏል። 1 ቴራውም የሚሽከረከረው ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፣ ልጁ 1 ቴራ አለ እንጂ የምን 1 ቴራ እንደሆነ መቼ ተናገረ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው የዲስክ መመርመሪያ ፕሮግራም ሳየው ከ19 ሺህ ሰዓት በላይ ሰርቷል። ባትሪው መብራት ከሄደ 25 ደቂቃ ነው የሚይዘው፣ ጅማ ላይ 25 ደቂቃ ምን ትላለህ።

ዋሸን አልልም። የተናገራት እያንዳንዷ ቃል እውነት ናት። ለዚህ ነው እኮ የሚያናድደው። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ሸማች ስለ እቃው ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ ደግሞም እቃውን ስላየህ ወይ በዋጋ ስለተከራከርክ ግዛ ተብለህ አትገደድም ይላል። አስር ደቂቃ ላፕቶፑን ከፍቶ ማየት ማለት እኮ ይሄ ነው። ካልገዛህ አትንካ የሚባለው በየት ሀገር ሕግ ነው? ሱቆቹን ሁሉ አንድ ላይ አልጠቀልልም ደግሞ፣ ራሱ ከፍቶ ጀነሬሽኑን አሳይቶ ደረሰኝ ላይ የሚጽፍልህም አለ፣ እሱ ጋ ዋጋው ትንሽ ይወደዳል፣ እኔም ትንሿን ሸሽቼ ነው ጉድ የሆንኩት።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ምክራችሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷ አሳይንመንቷን በስህተት አጠፋችው፣ ከሪሳይክል ቢንም ጭምር። እያለቀሰች መጣች። እኔም ግድ የለሽም ብዬ ሬኩቫ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ አስነስቼ ዲስኩን አስፈተሽኩት። አሳይንመንቷ ወጣ። ግን ብቻውን አልወጣም፣ ከኋላው በሺህ የሚቆጠር የማናውቀው ሰው ፋይል ተግተልትሎ ወጣ። የሰርግ ፎቶ። ስካን የተደረገ ፓስፖርት። የሆነ መስሪያ ቤት የደሞዝ ዝርዝር። የላብራቶሪ ውጤት፣ እኔ ከስራዬ የተነሳ ገና ርዕሱን ሳየው የምን ምርመራ እንደሆነ አወቅኩት፣ ያኔ ነው ስክሪኑን ያጠፋሁት። ልጅቷ ማን ናቸው አለችኝ፣ እኔ እንጃ አልኳት።

ይሄ ላፕቶፕ ፎርማት የተደረገ ነው። ባለሱቁ አርጎታል፣ ዊንዶውስ አዲስ ተጭኖበታል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፈጣኑ ፎርማት፣ ኩዊክ ፎርማት የሚባለው፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ነገር አያጠፋም፣ የመጽሐፉን ማውጫ ቀዶ ገጾቹን እንዳሉ መተው ማለት ነው። ገጾቹ ላይ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዛው ናቸው፣ 1 ቴራ ዲስክ ላይ አንዲት ተማሪ በሁለት ሳምንት ስንቱን ልትጽፍበት። እናንተ የጻፋችሁት ፎርማት አርጉት ብቻ ነው፣ የቱን ፎርማት አላላችሁም። ሰው ደግሞ ፎርማት ሲባል ሁሌም በቲክ የተመረጠችውን፣ በሁለት ሰከንድ የምታልቀውን ነው የሚያደርገው። ቲኳን ካነሳሃት ሙሉውን ዲስክ በዜሮ ይሞላዋል፣ ከቪስታ ወዲህ ያለ ዊንዶውስ እንደዛ ነው የሚሰራው፣ ሰዓታት ይፈጃል ግን የምር ይጠፋል። ዊንዶውሱ ያለበትን ዲስክ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ሪሴት የሚለውን ገብቶ ሁሉንም አጥፋ ካሉ በኋላ ምርጫውን ቀይሮ ክሊን ዳታ የሚለውን ማብራት ነው። ኤስኤስዲ ላይ ነገሩ ይለያል፣ ትሪም የሚባል አሰራር ስላለው የጠፋ ፋይል መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፣ እሱም ቢሆን ግን ሪሴቱን ማድረግ አይቀርም።

እኔ ልዋጭ የሰጠሁት የራሴ ላፕቶፕስ? እሱን ነው የማወራው። ፎርማት አርጌዋለሁ፣ ልክ እናንተ እንዳላችሁት፣ ቲኳን ሳልነካ። እሱ ዲስክ ላይ የእናቴ ቤት ካርታ ስካን አለ፣ የባለቤቴ ፋይዳ፣ የቴሌብር ስክሪንሾት ምናምን፣ የአራት ዓመት ፎቶ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ የዛ የማላውቀው ሰውዬ ሰርግ እየመጣብኝ።

ቅዳሜ ለጓደኞቼ ስነግራቸው የባንኩ ልጅ እኔ ምን ምስጢር አለኝ፣ ቢያዩት ምን ያመጣሉ አለ። ይሄው ልጅ እኮ ነው ሪኮል የሚባለውን ፈርቶ ለወር ያስቸገረን፣ ያ ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 2024 ያስተዋወቀው ስክሪንህን በየጥቂት ሰከንዱ ፎቶ የሚያነሳው ነገር፣ 16 ጂቢ ራምና ልዩ ቺፕ የሚፈልግ እሱ ጋ ደግሞ 4 ጂቢ ራም ነው ያለው። የማይደርስበትን ፈርቶ የደረሰበትን አላየም። ላፕቶፑ ሲበላሽ ለሚጠግነው ልጅ ፓስወርዱን በወረቀት ጽፎ ክዳኑ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ነው የሚሰጠው፣ ወረቀቷ አሁንም አለች። በ2016 የወጣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ቁጥሩ 1321 ነው፣ የኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው የሚከታተለው፣ እሺ፣ ግን ባለስልጣኑ የመርካቶን መደርደሪያ እየዞረ ዲስክ አይፈትሽልንም።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ላፕቶፔ ተሽጧል። ለማን ስለው ለአንድ ሰውዬ፣ ቦንጋ ነኝ ያለ መሰለኝ አለኝ። ስልኩን ይዘሃል? አልያዝኩም። ደረሰኝ? ሳቀ። ለኔም እኮ አልሰጠኝም ነበር።

የልጅቷን ላፕቶፕ ኤስኤስዲ አስገባንበት፣ አሁን ደህና ሆኗል፣ ለትምህርቷ ይበቃታል። የወጣውን ዲስክ በውጭ ኬዝ አርገን ሙሉ ፎርማት ለቀቅንበት። መብራት ሁለቴ ሄዶ ባትሪው ስላልያዘ ሁለቴ ከዜሮ ጀመርን፣ ያለቀው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷ አብራኝ አመሸች። የሰርጉ ፎቶ የማን እንደሆነ ሳናውቅ ጠፋ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፣ የዛችን የፎርማት ነገር እርማት አውጡልን፣ ቲኳን አንሱ ብላችሁ። ስታወጡትም ፊደሉን ተለቅ አርጉት፣ እዚህ አንዱን ጋዜጣ ለአምስት ነው የምናነበው፣ ቡና የሚፈስበትም አለ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጅማ