የታሸገበት ቀን ስላልተጻፈበት የአበባ ዘር የቀረበ ቅሬታ

ጅማ
ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአበባ ዘር አከፋፋይ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያልበቀለ የዴልፊኒየም ዘርንና በፓኬት ላይ የታተመ የተሳሳተ የአዘራር መመሪያን ይመለከታል

እኔ አመልካች በጅማ ከተማ የቦሳ አዲስ ሠፈር ነዋሪ ስሆን፣ በየግቢያቸው አበባ ከሚያለሙ 11 ጎረቤቶቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ መደብራችሁ 5 ፓኬት ዴልፊኒየም፣ 4 ፓኬት ፔቱኒያና 3 ፓኬት ስዊት ፒ እያንዳንዱን በ180 ብር፣ በድምሩ በ2,160 ብር ገዝተናል። ዴልፊኒየሙ ባለመብቀሉ፣ ከፔቱኒያውም አብዛኛው መመሪያችሁን በመከተላችን ስለጠፋብን፣ ጥቅምት 5 ቀን በስልክ አቤት ብዬ ነበር። የተሰጠኝ መልስ «የጅማ ዝናብ ይበዛል፤ አፈሩም አይስማማውም» የሚል ብቻ በመሆኑ ቅሬታዬን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

የጅማን ዝናብ እኛም እናውቀዋለን። የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ለጋ ችግኝን እንደሚያበሰብስ ስለምናውቅ ነው ዘሩን እስከ መስከረም 3 ቀን ድረስ ያቆየነውና በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በተነፋ አፈርና በበሰለ ኮምፖስት የዘራነው። ቀዩ አፈራችን አሲዳማ መሆኑም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሆኖም ምክንያቱ አፈር ወይም ዝናብ መሆኑን ለማጣራት፣ ሁለቱም በሌሉበት ሞከርነው። ጥቅምት 8 ቀን ካልተከፈተ ፓኬት 20 የዴልፊኒየም ፍሬ ቆጥረን በእርጥብ ሶፍት ጠቀለልን፤ በክዳን ዕቃ አድርገን አንድ ሳምንት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከዚያም አራት ሳምንት ቀዝቀዝ ባለ ጨለማ ጓዳ አቆየነው። ከጎኑ አንዲት የሠፈራችን እናት አምና ከገዛ አበባቸው ለቅመው በማቀዝቀዣ ያኖሩትን 20 ፍሬ በተመሳሳይ መንገድ አስቀመጥን። እስከ ኅዳር 13 ቀን የእርሳቸው 13 ፍሬ በቀለ። የእናንተ ግን አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ቅጠል ሳያወጣ ሻገተ።

የዴልፊኒየም ዘር ዕድሜው አጭር ነው። በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ተከድኖ ካልተቀመጠ የመብቀል አቅሙ ቶሎ ይደክማል፤ ሞቃት መደብር ውስጥ መደርደሪያ ላይ የከረመ ፓኬት ከውጭ ሲያዩት አዲስ ቢመስልም ውስጡ የሞተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይህን ዘር የሚገዛ ሰው ከአበባው ቀለም በፊት ማወቅ ያለበት ዘሩ መቼ እንደተለቀመና መቼ እንደታሸገ ነው። በፓኬታችሁ ፊት ላይ የሚያምር ሰማያዊ አበባ ታትሟል፤ ጀርባው ላይ ግን የታሸገበት ቀንም ሆነ የተፈተነ የብቅለት መጠን አልተጻፈም።

የተጻፈው ነገርም ቢሆን ለፔቱኒያው ጥፋት ሆኖበታል። በሦስቱም ዓይነት ፓኬቶች ላይ ያለው መመሪያ አንድ ሲሆን፣ «1 ሳንቲ ሜትር አፈር አልብሱ» ይላል። የፔቱኒያ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ፣ በ1 ግራም ወደ 10,000 ፍሬ የሚገኝበት፣ ለመብቀልም ብርሃን የሚሻ በመሆኑ በእርጥብ አፈር ላይ ተነስንሶ በስሱ ተጫን ይደረጋል እንጂ አይቀበርም። መመሪያችሁን አምነው የቀበሩት ሦስት ጎረቤቶቼ ምንም አላገኙም፤ አራተኛዋ ከልምዷ ላዩ ላይ ነስንሳ በ9ኛው ቀን በቀለላት። ለእውነት ስል መናገር ያለብኝ፣ ይህ ዘር ሕያው ነበር፤ ያጠፋው ጽሑፉ ነው። ስዊት ፒውም ሽፋኑ ጠንካራ መሆኑን ስለምናውቅ በጥፍር መቁረጫ ጥቂት ፍቀን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ስላሳደርነው በደንብ በቅሏል፤ በእርሱ ላይ የገንዘብ ጥያቄ የለኝም። ነገር ግን ይህን ለማያውቅ ገዢ ፓኬቱ የሚነግረው ነገር የለም።

እኔን ከገንዘቡ በላይ ያሳዘነኝ ሌላ ነው። እኛ በየወሩ መጨረሻ እሑድ ቡና ስንጠጣ፣ ከየግቢያችን የለቀምነውን ዘር በወረቀት ጠቅልለን እንከፋፈላለን፤ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ የአበባው ስም፣ የተለቀመበት ወርና የእናቱ አበባ ቀለም በእስክሪብቶ ይጻፋል። ዘር የሚሰጥ ሰው ቃሉን አብሮ ይሰጣልና። በ2016 ዓ.ም. ከእናንተው ከገዛነው ደማቅ ቀይ ፔቱኒያ ዘር ለቅሜ፣ «ቀይ» ብዬ ጽፌ ለ9 ቤት አከፋፍዬ ነበር። ያበበው ግን ገሚሱ ሐመር ሮዝ፣ ገሚሱ ወይን ጠጅ ሆነ። ለካ ዘሩ ዲቃላ ኖሯል። ዲቃላ መሆኑ ነውር አይደለም፤ ልጁ እናቱን እንደማይመስል ግን ገዢው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። ዘንድሮ ደግሞ ከላይ የጠቀስኳቸው እናት በእኔ ቃል ለእናንተ ዴልፊኒየም መደብ አዘጋጅተው መስከረምንና ጥቅምትን ባዶውን መደብ ሲያጠጡ ከረሙ። ይቅርታ የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። በዚህ መሠረት የ5 ፓኬት ዴልፊኒየምና የ3 ፓኬት ፔቱኒያ ዋጋ 1,440 ብር እንዲመለስልን ወይም የታሸገበት ቀን በተጻፈበት አዲስ ዘር እንዲተካልን እጠይቃለሁ። እንዲሁም ወደፊት በምትሸጡት ፓኬት ሁሉ ላይ የታሸገበት ቀን፣ የብቅለት መጠኑ፣ ዲቃላ መሆን አለመሆኑና የየአበባው የራሱ የአዘራር መመሪያ እንዲታተም፣ በመደብራችሁ ያለው የዴልፊኒየም ዘርም ተፈትኖ እስኪረጋገጥ ሽያጩ እንዲቆም አጥብቄ አመለክታለሁ። በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ ጉዳዩን ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት የማቀርብ መሆኔን በአክብሮት እገልጻለሁ።

የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ፣ የሁለቱ ሙከራዎች ፎቶግራፍና ያልተከፈተ 1 ፓኬት ዴልፊኒየም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። ያልተከፈተውን ፓኬት ራሳችሁ እንድትፈትኑት እለምናለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች፣ ስለ ራሴና ስለ 11 ጎረቤቶቼ