አባባ፣ ቡቺን ይፍቱልኝ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነኝ። የኅዳር ውርጭ ጉልበትዎን እንዳያሳምምዎት እሰጋለሁና ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የላክሁልዎትን ወፍራም ካልሲ እንዲያደርጉት አደራ እላለሁ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስለ ቡቺ የነገሩኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣም። የእኅቴ ልጅ ከጎረቤት ያመጣው ቡችላ ዛሬ ስምንት ወር ሆኖት፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ እየጎተተ የሚቀድድ፣ በበሩ ያለፈውን ልጅ ሁሉ የሚያባርር ሆኗልና ቀንም ሌሊትም በሰንሰለት እንዲታሰር እንዳዘዙ፣ እስከ ገና ካልታረመም ከከተማ አውጥተው ሊያስጥሉት እንዳሰቡ ነግረውኛል። ወዲያው ልመልስልዎ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን መስመሩ እየተቆራረጠ አስቸገረ፣ አባትን በቃል መሞገትም ይከብደኛል፤ ስለዚህ በጽሑፍ ማስረዳትን መረጥሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። እዚህ ዋሽንግተን የምሠራውን ሥራ በግልጽ ነግሬዎት አላውቅም። «ከእንስሳት ጋር እሠራለሁ» ብዬ የማልፈው፣ በዕድርም ሆነ በማኅበር «የእርሳቸው ልጅ አሜሪካ ሄዳ ውሻ ታንሸራሽራለች» ተብሎ ስምዎ እንዳይነሣ ብዬ ነበር። ይህን መሸፈኔ ስሕተት ነበር፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ውሻ ከቤት ውጭ በሚያድርበት፣ ያለ ፍርድ የቀረ ሰው ደም እንኳ «ደመ ከልብ» በሚባልበት አገር አድጌ ይህን ሥራ ለእርስዎ ማስረዳት ከብዶኝ ነበር እንጂ፣ የማፍርበት ሥራ አይደለም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን ያስተዳደርሁበት፣ በየወሩ የምልክልዎት ገንዘብም የተገኘበት ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። በዚህ ከተማ ባልና ሚስት ሁለቱም ከማለዳ እስከ ምሽት ሥራ ላይ ስለሚውሉ ውሻቸው አፓርታማ ውስጥ ተዘግቶበት ይውላል። እኔ የቤታቸውን ቁልፍ ይዤ እኩለ ቀን ላይ እገባለሁ፤ ለውሻው ማሰሪያውን አድርጌለት አወጣዋለሁ፣ እንደ ዕድሜው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አንሸራሽረዋለሁ፣ ዐይነ ምድሩን በላስቲክ ከረጢት አነሣለሁ፣ ከመለስሁት በኋላም ውኃውን ቀይሬ ያየሁበትን ሁሉ ለባለቤቱ ጽፌ እተዋለሁ። ገና ቡችላ የሆነውን ደግሞ ብዙ ማስኬድ አይገባም። በልምድ እንደምንለው ቡችላ ሽንቱን መቋጠር የሚችለው በወር ዕድሜው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ የሦስት ወሩ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው፤ በቀን ውስጥም ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ስለዚህ እርሱን ለአጭር ጊዜ አውጥቶ፣ መንገዱንና ሰዉን አሳይቶ መመለስ ይበቃዋል። በበጋ አስፋልቱ እንዳያቃጥለው የእጄን ጀርባ መሬቱ ላይ አድርጌ እለካለሁ፤ በክረምት ደግሞ በረዶ ለማቅለጥ የተበተነው ጨው መዳፉን እንዳይልጠው ስንመለስ አጥበዋለሁ።

ከተማውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቆ የሚወርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 በአሜሪካ ምክር ቤት የወጣ ሕግ የከለለው ሮክ ክሪክ የሚባል ደን አለ። ብዙውን ጊዜ የምሄደው ወደዚያ ነው። ደኑ የመንግሥት ስለሆነ ማሰሪያው ከስድስት ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር ገደማ እንዳይረዝም ሕጉ ያዛል። በአንድ ጊዜ ከሦስት ውሾች በላይ አልይዝም፤ ምክንያቱም የእነዚያን ፊት፣ ጆሮና ጅራት ሳላቋርጥ መመልከት አለብኝ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ገመድ ያዥ እንጂ ጠባቂ ልሆን አልችልም። የሥራው ልብ ያለው በዚህ መመልከት ውስጥ ነው።

ውሻ ከመንከሱ በፊት ብዙ ይናገራል። ሳይደክመው ያዛጋል፣ የሚበላ ሳይኖር አፍንጫውን ይልሳል፣ ፊቱን ያዞራል፣ የዐይኑን ነጭ እያሳየ በጎን ይመለከታል፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል። እነዚህ ሁሉ «ፈርቻለሁ፣ ራቁልኝ» ማለት ናቸው። የሚሰማው ሲያጣ ያጉረመርማል። አብዛኛው ሰው ውሻ ሲያጉረመርም ይመታዋል፤ እኔ ግን ውሻን ስላጉረመረመ መምታት ትልቅ ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ድምፁን እንዲተው ስናስተምረው ፍርሃቱ አብሮ አይጠፋምና በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ጅራት መቁላትም ቢሆን ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ጣሊያን ውስጥ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ውሾች ጌታቸውን ሲያዩ ጅራታቸው ይበልጥ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ኃይለኛ የሆነ የማያውቁት ውሻ ሲያዩ ግን ወደ ግራ ያጋድላል። በተቃራኒው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ኋላውን ወደ ላይ ካነሣ ከዚያ በኋላ ቢያጓራም ቢዘልም ጨዋታ ነው። ቡቺ የእኅቴን ልጅ ሲያይ እንዲህ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ቡቺ ልመለስ። «ድሮ ሲጠሩት እየበረረ ይመጣ ነበር፤ አሁን እያየኝ ይሄዳል» ብለውኛል። አባባ፣ ቡቺ አልባለገም፤ ጎርምሷል። የውሻ ጉርምስና ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ወይም እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች፣ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ያሉበት ቡድን፣ ለዓይነ ስውራን መሪ እንዲሆኑ የሚያድጉ ውሾችን ተከታትለው ነበር። እነዚያ ውሾች በአምስት ወራቸው «ተቀመጥ» ሲባሉ ወዲያው ይቀመጡ የነበሩት፣ በስምንት ወራቸው ለሚያሳድጋቸው ሰው መታዘዝ ቀነሱ፤ ባዕድ ሰው ሲያዛቸው ግን ይታዘዙ ነበር። ትምህርቱ አልጠፋባቸውም ማለት ነው፤ እምቢ የሚሉት የራሳቸውን ሰው ነው። ይህን ሳነብ በአሥራ አምስት ዓመቴ ለመምህሮቼ አንገቴን ደፍቼ እየታዘዝሁ ለእርስዎ ግን ቃል የምመልስበት ዘመን ትዝ ብሎኝ ዐይኔ እንባ አቀረረ። እርስዎ ያን ጊዜ ከቤት አላባረሩኝም።

ልብስ መቅደዱም ምክንያት አለው። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት፤ ከአራተኛው ወር ገደማ ጀምሮ እየረገፉ እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ድዱ ያሳክከዋል፤ ጥርሱ ካለቀ በኋላም ማኘክ ልማድና የመሰልቸት ማባረሪያ ሆኖ ይቀራል። ከገመድ ላይ የሚወዛወዝ ነጠላ ደግሞ ለእርሱ የሚሸሽ ነገር ነው። ወፍራም የበሬ አጥንት ጥሬውን ቢሰጡት ከነጠላው ይልቅ እርሱን ይመርጣል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ግን ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ አይስጡት። የወጥ ትራፊም ቢቀርበት ይሻላል፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳልና፣ ያለ ሽንኩርት ደግሞ የእኛ ቤት ወጥ አይሠራም።

ሰው ማባረሩን በተመለከተ፣ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት በመጋቢት የዘጠኝ ወር ዕድሜ ያላት ቡናማ ውሻ ይዤ በደኑ ዳር ስሄድ የቆሻሻ መኪና በድንገት የኋላ በሩን ጥሎ አንኳኳ። ውሻይቱ ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ የአንገቷ ማሰሪያ ላልቶ ኖሮ በጭንቅላቷ አምልጧት ወጣና ወደ መኪና መንገዱ ሮጠች። ማሰሪያውን ጠዋት ሳልፈትሽ መውጣቴ የእኔ ጥፋት ነበር። ስሟን እየጠራሁ ተከተልኋት፤ በተከተልኋት መጠን ርቃ ሄደች። ያን ጊዜ ልጆች ሳለን እርስዎ «ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት» እያሉ ከውሻ ፊት እንዳንሮጥ የሚመክሩን ቃል ድንገት ወደ አእምሮዬ መጣ። ውሻ የሚሸሸውን የሚከተል ከሆነ መሸሽ ያለብኝ እኔ ነኝ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋትና በደስታ ድምፅ እየጮኽሁ ወደ ደኑ ሮጥሁ። ጥቂት እርምጃ እንደ ሄድሁ የጥፍሮቿን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ፊት ለፊት ሳላያት ጎኔን ሰጥቼ ቁጢጥ አልሁ፤ መጥታ በክንዴ ሥር ገባች። እጄ እየተንቀጠቀጠ ማሰሪያዋን አጠለቅሁላት፤ የሆነውንም ሁሉ ሳልደብቅ በዚያው ቀን ለባለቤቷ ነገርሁ። ከዚያ ወዲህ ለወጣት ውሻ ደረቱን አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያና የአንገት ማሰሪያ ሁለቱንም አደርጋለሁ።

እንግዲህ በእኛ በር የሚያልፉት የትምህርት ቤት ልጆች ቡቺን ሲያዩ ይሮጣሉ፤ እርሱም ይከተላል። አንድ ሁለት ልጆችን ጠርተው፣ ሳይሮጡ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ፣ እጃቸውን እንዲሰበስቡ፣ ዐይኑን እንዳያፈጥጡበት ቢያስተምሯቸው ማባረሩ ደስታ መስጠቱን ይተዋል። ሌላም ነገር አለ። ውሻ ዓለምን የሚለምደው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ወይም ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በአሜሪካ በሜይን ግዛት በባር ሃርበር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ ሙከራ እንዳረጋገጠው እስከ 14 ሳምንት ድረስ ሰው ሳይቀርባቸው ያደጉ ቡችሎች ከዚያ በኋላ ሰውን መላመድ እጅግ ከብዷቸዋል። ቡቺ ያን ጊዜ ያሳለፈው በጎረቤት ጓሮ ከእናቱ ጋር ነው፤ የሚያውቀው ያንን ቤተሰብ ብቻ ነበር። የእንግዳ ሰው ፍርሃቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ይህ በዱላ የሚወጣ አይደለም፤ ቀስ በቀስ፣ ከሩቅ፣ መልካም ነገር እየቀመሰ የሚለምደው ነው።

ሰንሰለቱን የምፈራውም ለዚህ ነው። ውሻ ሲፈራ የመጀመሪያ ምርጫው መሸሽ ነው። የታሰረ ውሻ ግን መሸሽ እንደማይችል ስለሚያውቅ የቀረው ማስፈራራትና መንከስ ብቻ ነው። ዛሬ ልጅ የሚያባርረው ቡቺ በሰንሰለት አንድ ዓመት ቢያሳልፍ እውነተኛ ተናካሽ ይሆንብናል። በሌሊት ጅብ ስለሚመጣ ግቢ ውስጥ እንዲጠብቅ መፈለግዎን እረዳለሁ፤ ጠባቂ ይሁን፤ ነገር ግን የግቢው በር ከተዘጋ ሰንሰለቱ ምን ይሠራል?

እርስዎ በልጅነትዎ ያበደ ውሻ ነክሶት ስለሞተው የአጎትዎ ልጅ የነገሩኝን አልረሳሁም፤ ስለ ውሻ ያለዎት ፍርሃት ከዚያ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ፍርሃትዎንም አላቃልልም። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቡቺ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አልወሰደ እንደሆነ በዚህ ሳምንት ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደው ያስከትቡት፤ የክትባቱን ገንዘብ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ማንኛውም ውሻ ሰው ቢነክስ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ሌላው የምለምንዎት ቀላል ነው። የእኅቴ ልጅ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ግማሽ ሰዓት ገመድ ይዞ ያውጣው፤ እየጎተተ አያስኪደው፣ እንዲያነፈንፍ ይተወው፤ ማነፍነፍ ለውሻ ጋዜጣ እንደ ማንበብ ነውና ከሩጫው ይልቅ እርሱ ያደክመዋል። ገመዱን ሲወጥርበት ይቁም፤ ሲያላላ ይቀጥል። ሲጠራው ከመጣ ትንሽ ዳቦ ይስጠው፤ ዘግይቶ ቢመጣም አይምታው፣ አለዚያ መምጣት ዱላ እንዳለው ይማራል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ስልኩን በረንዳው ላይ ሆነው ቢያነሡት ቡቺ ሲጮኽ እሰማዋለሁ፤ ከጩኸቱም ፍርሃት ይሁን ጨዋታ ልነግርዎ እሞክራለሁ።

ናፋቂ ልጅዎ፣
ከዋሽንግተን