የዊትቢ ጉዟችን

ውድ አባሎቻችን፣

ወደ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ዊትቢ የሚወስደን አውቶቡስ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በእንግሊዞቹ 8 ሰዓት፣ ከሊድስ ይነሣል። ባለፈው ጉዞ በሰዓት አቆጣጠር የተምታታባችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የምንጎበኘው ጥንታዊው የዊትቢ ገዳም ያለው በገደሉ አናት ላይ ነው፤ መውጫው 199 የድንጋይ ደረጃ ነው። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ አትቸኩሉ፤ በየመሐሉ ያሉት አግዳሚዎች ድሮ ሬሳ ተሸካሚዎች ሣጥኑን አሳርፈው ትንፋሽ የሚሰበስቡባቸው ነበሩ።

በ664 ዓ.ም. በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እመምኔት ሂልዳ በምታስተዳድረው በዚህ ገዳም ስለ ትንሣኤ በዓል ቀን ጉባኤ ተደርጓል። የባሕረ ሐሳብ ነገር እነሱንም አጣልቷቸዋል! ንጉሡ ኦስዊ ፋሲካ ሲፈስክ ንግሥቲቱ ገና በሆሳዕና ጾም ላይ የምትሆንበት ዓመት ነበር። እዚህ አገር ሁለት ፋሲካ ለምናይ ለእኛ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። በመጨረሻ ንጉሡ ንግሥቲቱ የምትከተለውን የሮማ ቤተ ክርስቲያን ስሌት መረጠ። ዛሬ የምናየው ፍርስራሽ ግን ከዚያ በኋላ የተሠራው ነው።

ቀኑ በሐምሌም ቢሆን ነፋሱ ብርቱ ነውና ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት ያዙ። ወደቡ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ስትበሉ እጃችሁን ከልሉ፤ የባሕር ወፎቹ ከአፍ ይነጥቃሉ።