ከዋናው እንግዳ በፊት መድረኩ ባዶ አልነበረም

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ባለፈው እሑድ በመዝናኛ ዓምዳችሁ ስለ ኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃ ድግሱ ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለ እንግዳው ዲጄ አመጣጥ፣ ስለ መብራቱ ድምቀት፣ ስለ ታዳሚው አለባበስ ሳይቀር በዝርዝር የጻፈው ዘጋቢያችሁ በሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ታዳሚው ዋናው ዲጄ እስኪመጣ ድረስ ለሰዓታት የተቀረጸ ሙዚቃ እየሰማ በትዕግሥት ጠበቀ» የሚል ዐረፍተ ነገር አስፍሯል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። ብዙ አንባቢ ሳያስተውላት አልፏት ይሆናል፤ እኔ ግን በእነዚያ ሰዓታት በየተራ መድረኩ ላይ ከነበርነው ሦስት የአካባቢው ዲጄዎች አንዱ በመሆኔ ላልፋት አልቻልኩም።

ዘጋቢው በስንት ሰዓት እንደደረሰ እሱ ያውቃል። ፎቶ አንሺያችሁ ግን ቀደም ብሎ እንደተገኘ ያነሣው ፎቶ ይመሰክራል። ከዘገባው በላይ በግማሽ ገጽ ያወጣችሁትን ፎቶ እባክዎ እንደገና ይመልከቱት። ሰማዩ ገና አልጨለመም፤ ከመድረኩ ጀርባ የጀንበሯ ቅላት ይታያል። ከፊት ያሉት ወጣቶች እጃቸውን ዘርግተዋል፤ አንዲት ልጅ ጫማዋን አውልቃ በእጇ እንደያዘች ትዘላለች፤ ከኋላቸው እስከ አጥሩ ድረስ ሰው ጢቅ ብሏል። እንግዳው ዲጄ ወደ መድረክ የወጣው ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንደነበረ ራሱ ዘገባችሁ ጽፏል። ታዲያ ጀንበር ስትጠልቅ ያ ሁሉ ሕዝብ የሚጨፍረው በማን ሙዚቃ ነበር? ከፎቶው ሥር ግን «የዋናው ዲጄ አድናቂዎች በደስታ ሲጨፍሩ» ተብሏል። ሰውየው በዚያ ሰዓት ገና ከሆቴሉ አልወጣም። አበው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የሚሉት ይህን ነው። ፎቶው የተነሣበት ሰዓት በካሜራው ፋይል ላይ ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ ከመርሐ ግብሩ ጋር አስተያይቶ እውነቱን ለማወቅ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም ነበር።

ዘጋቢው «የምታጫውቱት እኮ ሌሎች የሠሩትን የተቀረጸ ሙዚቃ ነው፤ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ክርክሩ በቁም ነገር ሊመለስለት ይገባል። አዎን፣ ዲጄ የሚያጫውተው የተቀረጸ ሙዚቃ ነው፤ እንግዳው ያጫወተውም እንደዚሁ። ከ6 ሰዓት በፊት የተሰማው «የተቀረጸ ሙዚቃ» ከተባለና ከ6 ሰዓት በኋላ የተሰማው በዘገባችሁ አገላለጽ «ድንቅ የጥበብ ትርኢት» ከሆነ፣ ልዩነቱን ያመጣው ምን እንደሆነ ዘጋቢው ያስረዳን። ማጫወቻዎቹ ያው ነበሩ፤ የሁለቱን ማጫወቻዎች ድምፅ የሚያዋሕደው ሚክሰርም ያው ነበር፤ ስፒከሮቹን ማንም አልነካቸውም። የተለወጠው ከማጫወቻው ጀርባ የቆመው ሰው ነው፤ ከዚያም በማስታወቂያው ላይ ስሙ የተጻፈበት ፊደል ትልቅነት።

የመክፈቻ ዲጄ ሥራ በውል ስለማይታወቅ ጥቂት ላብራራ። የመክፈቻ ዲጄ ሥራውን የሚጀምረው ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ሰው ገና በር ላይ እየተፈተሸ፣ ጓደኛውን በስልክ እየፈለገ፣ ዳር ዳሩን ይዞ እየቆመ ነው። በዚህ ሰዓት በደቂቃ 135 ጊዜ የሚመታ፣ ቴክኖ የሚባለው ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ ቢለቀቅበት እዚያው ዳር እንደቆመ ይቀራል እንጂ ወደ መሐል አይገባም። ስለዚህ በደቂቃ 110 ምት ገደማ ባለውና ቤዙ (ከታች የሚያስገመግመው ወፍራም ድምፅ) ለስለስ ባለ ሙዚቃ ይጀመራል፤ ከዚያ በየሙዚቃው አንድ ወይም ሁለት ምት እየተጨመረ፣ ታዳሚው ሳይታወቀው፣ ሃውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ወደሚጫወትበት ወደ 120ዎቹ ይደረሳል። ሁለት ሙዚቃዎች ሲገናኙ ቤዞቻቸው ከተደራረቡ ድምፁ ይደፈርሳል፤ በመሆኑም የአዲሱ ቤዝ በሚገባበት ቅጽበት የቀድሞው ሚክሰሩ ላይ መቆረጥ አለበት፤ እሱም በዘፈቀደ ሳይሆን ሙዚቃው ራሱ በሚያርፍበት ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ 32 ምት ሞልቶ ሌላ 32 በሚጀምርበት ላይ ነው። በአንድ ጆሮ በሄድፎን ቀጣዩን ሙዚቃ፣ በሌላው ሕዝቡ የሚሰማውን እየሰማን ዓይናችን ታዳሚው እግር ላይ ነው። ሰው ካሜራ ባየ ቁጥር እጁን ስለሚያነሣ እጅ ብዙም አይታመንም፤ ተረከዝ ከመሬት መነሣት ሲጀምር ግን ሙዚቃው መግባቱን እናውቃለን።

በዚያ ምሽት ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ሲጫወት፣ ነፋስ ተነሥቶ ሰዉ ወደ ድንኳኖቹ መበተን ጀመረ። ልጁ አልደነገጠም። ቤዙን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ጭብጨባውንና ጸናጽሉን ብቻ አስቀረ፤ እንደዚያ አድርጎ ሜዳውን እያየ ቆየ፤ ጥቂት ሰዎች ዘወር ማለት ሲጀምሩ የሌላ ሙዚቃ ቤዝ መለሰበት። ወደ ድንኳኑ ያመሩት እየሮጡ ተመለሱ። ዘጋቢያችሁ «በትዕግሥት ጠበቀ» ያለው ሕዝብ ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ቀጥሎ የምጠቅሰው ነው። የመክፈቻ ዲጄ አንዱ ግዴታ መቆጠብ ነው። እንግዳው ይታወቅባቸዋል የሚባሉትን ሙዚቃዎች አንነካም። ድምፁን ከልክ ማለፉን የሚያሳየው የሚክሰሩ ቀይ መብራት እስኪበራ ድረስ አናስጨንቅም፤ የድምፅ ባለሙያውም ለኋለኛው ሰዓት የሚሆን ጉልበት እንዲተርፍ ስፒከሮቹን ዝቅ አድርጎ ነው የሚይዝልን። ሕዝቡን ከፍ እናደርጋለን እንጂ ጫፍ ላይ አናወጣውም፤ ጫፉን ለባለ ተራው እንተወዋለን። ይህን የምናደርገው ችሎታ አንሶን ሳይሆን ሥራው ስለሚጠይቅ ነው፤ እንግዳው ሲወጣ የሞቀ፣ ያልደከመና የጓጓ ሕዝብ ያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዘጋቢያችሁ ግን ይህን መቆጠባችንን እንደ አለመኖር ቆጠረው።

ዛሬ ሁሉንም ማሽኑ ይሠራዋል የሚለውንም አባባል አውቀዋለሁ። በእርግጥ ብዙ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ የቀረበው የቴክኒክስ ኤስ.ኤል. 1200 ሸክላ ማጫወቻ እና ተከታዮቹ ለአሥርት ዓመታት የክለቦች መደበኛ ዕቃ በነበሩበት ጊዜ ዲጄዎች የሁለቱን ሸክላዎች ፍጥነት በጣትና በጆሮ ነበር የሚያስተካክሉት፤ በ2001 ደግሞ የፓዮኒር ሲዲጄ 1000 መጥቶ ሲዲን እንደ ሸክላ መዳሰስ ተቻለ፤ ዛሬ ብዙዎቻችን ፍላሽ ይዘን ነው የምንሄደው፤ ፍጥነትን የሚያስተካክል ሲንክ የሚባል ቁልፍም አለ። ቁልፉ ሁለት ሙዚቃዎችን እኩል ያስኬዳል። የትኛው ሙዚቃ ከየትኛው በኋላ፣ በየትኛው ደቂቃ፣ ለየትኛው ሕዝብ እንደሚሆን ግን አይነግርም። ደግሞስ እንግዳው ራሱ የተጠቀመው በዚያው ማሽን አይደለም እንዴ?

ዘጋቢያችሁ ስለዚህ ሙዚቃ አመጣጥ ሁለት አንቀጽ ጽፏል፤ ታሪኩ በሙሉ የታላላቅ ፌስቲቫሎችና የዝነኞች ታሪክ ሆኖ ቀርቧል። እውነቱ ግን ይህ ሙዚቃ ያደገው በየሳምንቱ እዚያው ቤት፣ ለዚያው ሰው በሚያጫውቱ የአካባቢ ዲጄዎች እጅ ነው። ፍራንኪ ናክልስ እ.ኤ.አ. በ1977 ከኒውዮርክ ወደ ቺካጎ ተጠርቶ ዌርሃውስ በተባለው ክለብ ማጫወት ሲጀምር የዓለም ኮከብ አልነበረም፤ የቤቱ ዲጄ ነበር። ተወዳጅ ሙዚቃዎች ለጭፈራ ሲያጥሩበት በቴፕ ላይ እየቆረጠና እየቀጠለ ያስረዝማቸው ነበር። ያም «የተቀረጸ ሙዚቃ» ነው። ያ ክለብ ይገኝበት የነበረው ሕንፃ በ2023 በቺካጎ ከተማ ምክር ቤት ውሳኔ በቅርስነት ተመዝግቧል።

በዚያው ከተማ ሚዩዚክ ቦክስ የሚባል ሌላ ክለብ ነበር፤ የቤቱም ዲጄ ሮን ሃርዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ጥቂት ወጣቶች ሮላንድ ቲ.ቢ. 303 የምትባለውን፣ ገበያ ላይ ብዙም ሳትፈለግ ምርቷ የተቋረጠውን የቤዝ ማሽን እየነካኩ እንግዳ የሆነ ድምፅ ቀድተው ቴፑን ሰጡት። ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው ዲጄ ፒየር እንደሚተርከው፣ ሃርዲ ቴፑን መጀመሪያ ሲያጫውተው ሰው መደነሻውን ለቅቆ ወጣ። ሃርዲ ግን በዚያው ሌሊት ደጋግሞ መለሰው፤ በአራተኛው ላይ ቤቱ አበደ። አሲድ ሃውስ የሚባለው ሙዚቃ ወደ ዓለም የወጣው ከዚያ ነው። ሬዲዮ የማያውቀውን፣ ኩባንያ ያላተመውን ሙዚቃ ሕዝቡ እስኪቀበለው ድረስ አራት ጊዜ ሊያጫውት የሚደፍር፣ ሕዝቡን በቅርብ የሚያውቅና ሕዝቡም የሚያምነው ዲጄ ነው። ለአንድ ሌሊት መጥቶ በማግስቱ የሚበር እንግዳ ይህን እንዲያደርግ አይጠበቅበትም።

ይህ የሩቅ አገርና የድሮ ነገር ብቻ ነው እንዳይባል፣ በእኛው አህጉር ደቡብ አፍሪካን መመልከት ይበቃል። አማፒያኖ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ከጆሃንስበርግና ከፕሪቶሪያ ዳርቻ ሰፈሮች ተነሥቶ መጀመሪያ የተዳረሰው በሰፈር ዲጄዎች፣ በታክሲዎችና ከስልክ ወደ ስልክ በሚላኩ ፋይሎች ነው፤ ትልልቆቹ መድረኮች የተከፈቱለት ከዚያ በኋላ ነው። በ2022 በዳንስና ኤሌክትሮኒክ አልበም ዘርፍ የግራሚ ሽልማት ያገኘው ብላክ ኮፊም በአገሩ ሲያጫውት የኖረ ዲጄ ነው። እነዚህ ሰዎች ገና በጀማሪነታቸው ጊዜ የጋዜጣ ዘጋቢ መጥቶ «የተቀረጸ ሙዚቃ ሲሰማ ነበር» ብሎ ጽፎባቸው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ያ ጋዜጣ ምን ይባል ነበር?

ይህን ሁሉ የምለው ዝና ፈልጌ እንዳይመስልዎት። በማስታወቂያ ላይ ስማችን ከስፖንሰሮቹ ምልክት በታች፣ አጉሊ መነጽር በሚጠይቅ ፊደል ሲጻፍ ለምደነዋል። ክፍያችን ለወራት ሲጓተትና «ለእናንተም መታወቂያ ይሆናችኋል» ስንባል ሰምተናል። አንድ አዘጋጅ ድግሱ ካለቀ በኋላ የተስማማንበትን ግማሽ ቆርጦ ሲከፍለኝ፣ ምክንያቱን ብጠይቀው «ሰው የመጣው እናንተን ብሎ አይደለም» አለኝ። ያ ንግግር በሁለት ሰዎች መካከል የቀረ ነበር። የእናንተ ዘገባ ያንኑ አስተሳሰብ በሺዎች ለሚቆጠር አንባቢ እንደ እውነት አድርጎ አቀረበው። ነገ አንድ አዘጋጅ ጋዜጣውን ይዞ «ለመክፈቻው ሰዓት አንድ ፍላሽ ይበቃኛል፤ ልዩነቱንም ማንም አላስተዋለም» ቢለን ምን ብለን እንመልስለታለን? እንጀራችንን የሚነካው ይህ ነው።

ነፋስ ሲነሣ ሕዝቡን የመለሰው ያ ወጣት ጋዜጣውን ገዝቶ ለቤተሰቡ ይዞ ገብቶ ነበር። ሥራው ከሥራ የማይቆጠርለት ልጅ ስለሆነ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ በታተመ ወረቀት ላይ ሊያሳያቸው ፈልጎ ነው። እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። «ልጄ፣ አንተ እዚያ አልነበርክም እንዴ?» አሉት። ይህን ሲነግረኝ የምለው ጠፋኝ።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በዚያው የመዝናኛ ዓምድ፣ በማይታይ ጥግ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ሙዚቃውን የመሩት ሦስት የአካባቢው ዲጄዎች መሆናቸው ከነስማቸውና ከነተራቸው ይታረም። የፎቶው መግለጫም በድረ ገጻችሁ ላይ ይስተካከል። የመርሐ ግብሩን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ፤ የምሽቱ የድምፅ ባለሙያም ለሚጠይቀው ሁሉ እንደሚመሰክር ነግሮኛል። ስለሚቀጥለው ድግስ የምትዘግቡ ከሆነ ደግሞ ዘጋቢያችሁ በር ሲከፈት ይገኝ፤ የመጀመሪያው ሙዚቃ ሲጀመር ማን ከማጫወቻው ጀርባ እንደቆመ ይመልከት፤ ስሙንም ጠይቆ ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሦስቱ የመክፈቻ ዲጄዎች አንዱ